ነጋሪ እንጂ ላኪ ያልሆነ ኤጀንት፦ የወላጆችን ኢሜይል በኤቨንት ስለማስነሳት

የምሠራበት ትምህርት ቤት ሕንፃ የለውም። መምህራኑ ያሉት አዲስ አበባ ነው፤ ተማሪዎቹ ደግሞ ከቨርጂኒያና ከሜሪላንድ አንሥቶ እስከ ለንደን፣ ፍራንክፈርት፣ ዱባይና ቴል አቪቭ ያሉ የሐበሻ ልጆች ናቸው። የምናስተምረው አማርኛ ነው፣ በቪዲዮ። የእኔ ድርሻ ከወላጆች ጋር ያለውን መጻጻፍ መያዝ ነው፦ የሙከራ ክፍል የያዘውን ማስታወስ፣ ልጁ ለቀረበት ምትክ ሰዓት ማቅረብ፣ ክፍያ ሲደርስ ማሳወቅ፣ ድምፁ የጠፋውን «ደኅና ናችሁ ወይ?» ብሎ መጠየቅ። ድሮ ይህ ሁሉ በእጅ ይጻፍ ነበር። አሁን አብዛኛው በራሱ ይሄዳል፤ የሚያስነሳውም ቴሌግራም ላይ በአማርኛ የምናናግረው የኤአይ ኤጀንት ነው፤ የተነገረውን ተረድቶ በተሰጡት መሣሪያዎች ሥራ የሚሠራ ፕሮግራም። ተመሳሳይ ሥራ ያላቸው ጓደኞቼ አሠራሩን ደጋግመው ስለሚጠይቁኝ አንዴ በደንብ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው።

መጀመሪያ ስለ ዕቃው። ኢሜይል በራሳቸው የሚልኩ አገልግሎቶች ብዙ ናቸው፤ ሉፕስ፣ ከስተመር አዮ፣ ብሬቮ፣ ኸብስፖት፣ ሌሎችም። ዋጋቸውና መልካቸው ይለያይ እንጂ አጥንታቸው አንድ ነው። በአንድ በኩል ኮንታክት አለ፤ ኢሜይሉ፣ ስሙና ስለ ሰውየው የምናውቃቸው ጥቂት ነገሮች። በሌላ በኩል ወርክፍሎው አለ፤ «ይህ ሲሆን ይህን ኢሜይል ላክ፣ ሁለት ቀን ጠብቅ፣ መልስ ካልመጣ ሌላውን ላክ» የሚል አስቀድሞ የተዘረጋ ቅደም ተከተል። ሁለቱን የሚያገናኛቸው ኤቨንት ነው፤ «ለዚህ ሰው ይህ ነገር ሆነ» የምትል አጭር መልእክት። ኤቨንት ስም አለው፣ የማን እንደሆነ የሚለይ ኢሜይል ወይም መለያ ቁጥር አለው፣ ካስፈለገም ጥቂት ዝርዝር ይሸከማል፤ የክፍሉን ሰዓት ወይም የመምህሩን ስም።

የዕድር ጥሩምባ ነፊን አስቡት። እገሌ ማረፉን ሰፈር ለሰፈር ይለፍፋል፤ ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ ወንበሩን ማን እንደሚያወጣ ግን እሱ አይወስንም። ያ በዕድሩ ደንብ ቀድሞ የተደለደለ ነው። እኛም ኤጀንቱን ያስቀመጥነው እዚያ ቦታ ላይ ነው። መምህሩ «የማክዳ እናት የቅዳሜውን ክፍል ወደ እሑድ ማዛወር ትፈልጋለች» ብሎ ይጽፋል፤ ኤጀንቱ ከንግግሩ ውስጥ ምን እንደሆነ ለይቶ «ዝውውር_ተጠየቀ» የሚለውን ኤቨንት ይመዘግባል። ከዚያ በኋላ ለእናቲቱ ምን እንደሚጻፍላት፣ መቼ፣ በምን ቃል፣ ሁሉም እኛ ቁጭ ብለን አርቅቀን ባጸደቅነው ወርክፍሎው ውስጥ ነው ያለው።

ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው የዚህን ተቃራኒ ነው፤ ኤጀንቱ ኢሜይሉን ራሱ ጽፎ ራሱ ይላክልኝ ይላል። ያማልላል፤ አማርኛውም አሁን አሁን ክፉ አይደለም። ግን እንዲያ ከሆነ ለአሥር ወላጅ አሥር የተለያየ ደብዳቤ ይሄዳል፤ አንዱን የምትክ ክፍል ነፃ ነው ይለዋል፣ ሌላውን «በቅናሽ» ይለዋል። ማናችንም ያላነበብነው ቃል በትምህርት ቤቱ ስም ይወጣል፤ የወጣ ኢሜይል ደግሞ አይመለስም። ኤቨንት ሲሆን ኤጀንቱ የሚሳሳተው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ምን እንደሆነና ለማን እንደሆነ በመለየት። ያንን ደግሞ መቆጣጠር ይቻላል።

ቴክኒኩን ባጭሩ ልለፈው። ኤጀንቱን ከኢሜይል አገልግሎቱ ጋር ያገናኘነው ኤምሲፒ በሚባለው መግባቢያ ነው፤ አንትሮፒክ እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 2024 ይፋ ያደረገው፣ አሁን ብዙዎቹ የኤአይ መሣሪያዎች የሚቀበሉት ክፍት ደንብ። በመካከል የምትቀመጥ አንዲት ትንሽ ሰርቨር አለች፤ ለኤጀንቱ «እነዚህን ነገሮች ማድረግ ትችላለህ» ብላ ዝርዝር ታቀርብለታለች። የእኛ ዝርዝር ሦስት ነገር (መሣሪያ እንላቸዋለን) ብቻ አለው፤ ኮንታክት መፈለግ፣ ኤቨንት መመዝገብ፣ በቅርብ የተመዘገቡ ኤቨንቶችን ማሳየት። ኢሜይል መላክ የለም፣ ኮንታክት መሰረዝ የለም፣ ወርክፍሎው መቀየር የለም። አገልግሎቶቹ ራሳቸው የሚያቀርቡት ዝግጁ ሰርቨር ብዙ ጊዜ ያላቸውን ኤፒአይ (ሌላ ፕሮግራም አገልግሎቱን የሚያዝበትን በር) በሙሉ ለኤጀንቱ ይከፍታል፤ የማይፈለገውን መዝጋት የእናንተ ፈንታ ነው። የኤፒአይ ቁልፉም በሰርቨሯ ላይ ይቀመጥ እንጂ ለኤጀንቱ በሚሰጠው መመሪያ ውስጥ አይጻፍ። ኤጀንት ያነበበውን ነገር ሲጠየቅ ሊናገር ይችላል።

የኤቨንቱ ስም የሚመረጠው ከተዘጋ ዝርዝር ነው። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ግን ከሁሉ በላይ ያዳነን እሱ ነው። ስሙ ነፃ ጽሑፍ ከሆነ ኤጀንቱ ዛሬ «ተማሪ_ቀረ»፣ ነገ «ተማሪው_ቀረ»፣ ከነገ ወዲያ «መቅረት» ብሎ ይጽፋል። (በሥርዓቱ ውስጥ ስሞቹ በላቲን ፊደል ናቸው፤ እዚህ በአማርኛ አስቀመጥኳቸው።) አገልግሎቱ ስሙን ፊደል በፊደል ነው የሚያነጻጽረው፤ የማያውቀው ስም ሲመጣ ደግሞ አይጮህም። «ተቀብያለሁ» ብሎ ይመልሳል፣ ከዚያ ምንም አይሆንም። ወላጁ ኢሜይል ይጠብቃል፣ እኛ የሄደ ይመስለናል። ዝርዝሩ ሲዘጋ ኤጀንቱ ከውስጡ ይመርጣል፤ የሚስማማ ከሌለም «ይህን የሚገልጽ ኤቨንት የለኝም» ብሎ ወደ እኛ እንዲመለስ ታዟል።

ዝርዝሩን ስታወጡ ስሞቹ በእርግጥ የሆነውን ብቻ እንዲናገሩ አድርጉ። ምሳሌ ልስጥ፤ ክፍያ። አዲስ አበባ ያሉ አያቶች ለልጅ ልጆቻቸው በቴሌብር ወይም በባንክ ይከፍሉና ስክሪንሾቱን ቴሌግራም ላይ ይጥሉልናል። ኤጀንቱ ምስሉን ማንበብ ይችላል፤ መጠኑን፣ ቀኑን፣ የግብይት ቁጥሩን አውጥቶ ይጽፍላችኋል። «ክፍያ_ተረጋገጠ» የሚል ኤቨንት ካለው ደግሞ ያለ ምንም ማመንታት ይመዘግበዋል። ነገር ግን የሆነው ምንድነው? ስክሪንሾት ደረሰ፤ ያ ብቻ። ስክሪንሾት ይቀየራል፣ ይደገማል፣ የአምና ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ለኤጀንቱ የሰጠነው «ስክሪንሾት_ደረሰ» የሚለውን ነው፤ የሚያስነሳውም «ማስረጃዎ ደርሶናል፣ አረጋግጠን እናሳውቅዎታለን» የምትል አጭር ኢሜይል ነው። «ክፍያ_ተረጋገጠ» በኤጀንቱ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሒሳብ ያዣችን ባንኩን አይታ ራሷ ናት የምታስነሣው። ከውጭ በካርድ የሚከፈለው ደግሞ ከክፍያ ድርጅቱ በዌብሁክ (ክፍያው ሲፈጸም ሥርዓታቸው በራሱ በሚልከው መልእክት) በቀጥታ ይመጣል፤ በፊርማ የተረጋገጠ መልእክት እያለ መሐል ላይ ኤጀንት ማስገባት ትርፉ ስሕተት መጨመር ነው።

ከዚህ አንድ መለኪያ አወጣን። ወሬው የሚመጣው ከማሽን ከሆነ (የክፍያ ሥርዓት፣ የመመዝገቢያ ቅጽ፣ የቪዲዮው ክፍል መግቢያና መውጫ) ኤጀንት አያስፈልገውም፤ በቀጥታ ይገናኝ። ኤጀንት የሚጠቅመው ወሬው ከሰው አፍ ሲወጣ ነው። መምህር ክፍል ጨርሶ ስልኩን አንሥቶ «ዛሬ መብራት ሄዶብኝ በግማሽ ተቋረጠ፣ ሁለቱ ልጆች ገና አልገቡም ነበር» ሲል በዚያች አንድ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች አሉ። የገቡት ልጆች ክፍል በእኛ ምክንያት ተቋርጧል፤ ይቅርታና ነፃ ምትክ ይገባቸዋል። ያልገቡት ሁለቱስ ቀርተው ነው ወይስ ዘግይተው? ያንን ኤጀንቱ መጠየቅ አለበት። ይህን ዓይነቱን ወሬ በቅጽ ሙሉ ብትሉት መምህሩ አይሞላም፤ ማውራት ግን ያወራል። ለዚህ ነው የመሣሪያዎቹን መግለጫ ስንጽፍ የመምህራኑን የእውነት አነጋገር በምሳሌነት ያስገባነው፤ «መብራት ሄደ»፣ «ኔትወርክ ጣላት»፣ «ጠፋብኝ»፣ «ዛሬ አይመቻቸውም ብለዋል»። እያንዳንዱ የትኛውን ኤቨንት እንደሚያመለክት፣ የትኛው ደግሞ ጥያቄ እንደሚያስፈልገው ተጽፏል። ከመመሪያው ሁሉ ውጤት ያመጣው ይህ ክፍል ነው።

አሁን «ለማን» የሚለው። መምህሮቻችን ወላጅን በስሟ አያውቋትም፤ የማክዳ እናት፣ የናሆም አባት ነው የሚሉት። ማክዳ ደግሞ አንድ ብቻ አይደለችም። ስሙ ሲጻፍም ያው ችግር አለ፤ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ጸሀይ አንድ ሰው ናት፣ ወደ ላቲን ፊደል ሲዞር ደግሞ ሌላ ሁለት ሦስት መልክ ይጨመርበታል። ኤጀንቱ ቅርብ የመሰለውን መርጦ መሄድ ይወዳል። እኛ ያደረግነው ፍለጋው በተማሪው ስም፣ በመምህሩና በክፍሉ ቀን አንድ ላይ እንዲሆን ነው። አንድ ብቻ ከተገኘ ይቀጥላል፤ ሁለት ከተገኘ ሁለቱንም አሳይቶ ይጠይቃል፤ ካልተገኘ ይቆማል። ኤቨንቱም የሚመዘገበው ፍለጋው በመለሰው መለያ ቁጥር ነው፤ ኤጀንቱ ኢሜይል አድራሻ ራሱ እንዲጽፍ አይፈቀድለትም። ምክንያቱም ሉፕስን የመሳሰሉት አገልግሎቶች ኤቨንት የመጣበት ኢሜይል በዝርዝራቸው ከሌለ አዲስ ኮንታክት ይፈጥራሉ። ለመመዝገቢያ ቅጽ ይህ ጥሩ ነገር ነው። ለኤጀንት ግን አንዲት ፊደል ስትዛባ የማይታወቅ ሰው በዝርዝሩ ገብቶ የልጅ ክፍል ማስታወሻ ይደርሰዋል ማለት ነው።

ወደ ሰዓት ልምጣ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሌሊት ነው ያለቀው። ክፍላችን አዲስ አበባ ማታ 1 ሰዓት ሲሆን ቨርጂኒያ በክረምታቸው ከረፋዱ 11፡00 ነው፣ በበጋቸው ቀትር 12፡00። አንዲት እናት «በ5 ይሁንልን» ስትል ምን ማለቷ ነው? በቅርብ የሄደች ከሆነ በሐበሻ አቆጣጠር ረፋድ 5 ሰዓት፣ ማለትም 11፡00፤ እዚያ ያደገች ከሆነ ግን ከሰዓት በኋላ 5፡00 ልትል ትችላለች። በመካከላቸው ስድስት ሰዓት አለ። ኤጀንቱ ከሁለቱ አንዱን ይመርጥና ምንም ሳይጠራጠር ይቀጥላል። ስለዚህ ሰዓት በተነሣ ቁጥር ኤቨንቱን ከመመዝገቡ በፊት በሁለቱም አቆጣጠርና በሁለቱም አገር ሰዓት ጽፎ ማረጋገጫ ይጠይቃል፤ «ቅዳሜ፣ አዲስ አበባ ማታ 1 ሰዓት፣ ቨርጂኒያ ረፋድ 11፡00፤ ትክክል ነው?»። ያሰለቻል። ይህችን አንዲት ጥያቄ ግን አንተዋትም።

ሒሳቡን ኤጀንቱ በጭንቅላቱ እንዲሠራ አትተዉት። አሜሪካ ሰዓቷን የምትቀይረው በማርች ሁለተኛ እሑድና በኖቬምበር የመጀመሪያ እሑድ ነው፤ አውሮፓ በማርችና በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ። በመካከል ባሉት ሳምንታት ከቨርጂኒያና ከለንደን የአንዱ ልዩነት ሲቀየር የሌላው ገና አልተቀየረም። ኢትዮጵያና ዱባይ ጭራሽ አይቀይሩም፤ እስራኤል በበጋዋ ከአዲስ አበባ ጋር እኩል ትሆናለች፣ በክረምቷ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። በኮንታክቱ ላይ የምንይዘው «ሰባት ሰዓት» ወይም «ስምንት ሰዓት» የሚል ልዩነት አይደለም፤ የሰዓት ቀጠናውን ስም ነው፣ ለምሳሌ አሜሪካ፣ ኒውዮርክ። ስሌቱን የሚሠራው በሰርቨሯ ላይ ያለ ተራ ፕሮግራም ነው። የዘመን አቆጣጠሩም እንዲሁ። ጳጉሜ አንዳንዴ 5 አንዳንዴ 6 ቀን ናት፤ እንቁጣጣሽ በሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ይውላል፤ ይህን ለኤጀንቱ ግምት መተው አያስፈልግም። ለኢሜይሉ የሚደርሰውም የተቀመረ ጽሑፍ ነው፤ «ቅዳሜ 11፡00 (በሐበሻ ሰዓት ረፋድ 5)» ተብሎ ያለቀ። የኢሜይሉ ቅጽ ያንን እንዳለ ያስገባል እንጂ አይቀምርም።

ከሰዓት ጋር የተያያዘ ሌላም አለ። ወርክፍሎው ውስጥ ያለው «ጠብቅ» የሚለው ደረጃ የሚቆጥረው ኤቨንቱ ከደረሰበት ደቂቃ ጀምሮ ነው። «ከክፍሉ አንድ ቀን በፊት አስታውስ» ማለት በዚህ አይቻልም፤ አንዱ ወላጅ ክፍሉን ከሳምንት በፊት ይይዛል፣ ሌላው በዋዜማው። መፍትሔው ቀላል ነው። በየምሽቱ መርሐ ግብሩን የሚያይ ትንሽ ስክሪፕት «ክፍል_ነገ_ነው» የሚል ኤቨንት ይልካል። ኤጀንት የለበትም።

ድግግሞሽ። የመምህራን ግሩፓችን ውስጥ አንዱን ነገር ሁለት ሰው ይናገረዋል፤ መምህሩ «ናሆም ቀረ» ይላል፣ አስተባባሪዋም ከዚያ በኋላ ታነሣዋለች። በዚያ ላይ ኔትወርክ መሐል ላይ ይቋረጥና ኤጀንቱ መልስ ሳያገኝ ሲቀር ደግሞ ይሞክራል፤ የመጀመሪያው ግን ደርሶ ነበር። ለዚህ አንዳንዶቹ አገልግሎቶች የድግግሞሽ መከላከያ ቁልፍ የሚባል ነገር አላቸው፤ ከጥያቄው ጋር አብሮ የሚሄድ አንድ መለያ ነው፣ ሁለተኛ ሲመጣ አይቀበሉትም። ሉፕስ ለምሳሌ በ24 ሰዓት ውስጥ ያንኑ ቁልፍ ደግሞ ካየ 409 በሚል ኮድ ይመልሰዋል። ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ቁልፉን ኤጀንቱ አይፍጠረው፤ በሞከረ ቁጥር አዲስ ይፈጥርና መከላከያው ከንቱ ይሆናል። የእኛ ቁልፍ የሚቀመረው ከኮንታክቱ ቁጥር፣ ከክፍሉ ቁጥርና ከኤቨንቱ ስም ነው፤ ማንም ቢናገረው፣ ስንት ጊዜ ቢነገር፣ አንድ ነው። ሁለተኛ፣ 409 የሚለውን መልስ ጥሬውን ለኤጀንቱ አትስጡት። ስሕተት ይመስለውና «ለማስተካከል» ይነሣል፤ ሌላ ኤቨንት ይሞክራል ወይም ሌላ ኮንታክት ይፈልጋል። ሰርቨሯ ወደ ሰው ቋንቋ መልሳ «ይህ ቀድሞ ተመዝግቧል፣ ሌላ ምንም አታድርግ» ትለዋለች። ከዚያ ወዲህ ዐርፎ ይቀመጣል።

ወርክፍሎው ላይ ያለውን የድግግሞሽ ምርጫም እዩት፤ አንድ ሰው አንዴ ብቻ ይግባ ወይስ ኤቨንቱ በመጣ ቁጥር? «እንኳን ደኅና መጡ» አንዴ ነው፣ «ተማሪ_ቀረ» በየጊዜው። ሲከፈት «አንዴ ብቻ» የሚለው ተመርጦ ከሆነና ዓይታችሁ ካልቀየራችሁት ለሁለተኛ ጊዜ የቀረው ልጅ ወላጅ ምንም አይደርሰውም፤ ምንም የስሕተት ምልክትም አታገኙም።

ኤጀንቱ «ልኬያለሁ» ሲል አትመኑት። ክፋት የለውም፤ ግን አንዳንዴ መሣሪያውን ሳይጠራው እንደ ጠራው አድርጎ ይመልሳል፤ በተለይ ውይይቱ ሲረዝምና በአንድ መልእክት አምስት ልጅ ሲጠቀስ። እኛ የምናየው የቴሌግራሙን ወሬ ሳይሆን የኤቨንቱን መዝገብ ነው። ኤጀንቱም ከእያንዳንዱ ምዝገባ በኋላ ሰርቨሯ የሰጠችውን ቁጥር አብሮ እንዲጽፍ ታዟል፤ ቁጥር ከሌለ አልተመዘገበም። ሌላው ደግሞ፣ መመዝገብ መላክ ማለት አይደለም። አገልግሎቱ የተሳካ መልስ ሰጠ ማለት ኤቨንቱን ተቀበለ ማለት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ወርክፍሎው ተዘግቶ ሊሆን ይችላል፣ ወላጁ ከዝርዝር የወጣ ሊሆን ይችላል፣ ኢሜይሉ ስፓም ውስጥ ሊወድቅ ይችላል። ጂሜይል ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ የላኪን ማንነት ማረጋገጫ አጥብቋል፤ የዶሜይናችሁ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ (ኢሜይሉ በእውነት ከእናንተ መምጣቱን የሚያረጋግጡት ሦስቱ መዝገቦች) ካልተስተካከለ ኤጀንቱ የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ደብዳቤው ቦታው አይደርስም። ከኤጀንቱ በፊት ይህንን ጨርሱ።

ሁሉም ወርክፍሎዎቻችን የሚጀምሩት በመጠበቅ ነው። ኤቨንቱ ከደረሰ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይቆያል፣ ከዚያ ማጣሪያ አለ፣ ከዚያ ነው ኢሜይሉ። መምህሩ «ውይ፣ ናሆም አይደለም፣ ወንድሙ ነው» ሲል ኤጀንቱ «ምዝገባ_ተሻረ» የሚለውን ያስገባል፤ እሱ በኮንታክቱ ላይ አንድ ምልክት ይቀይራል፣ ማጣሪያው ምልክቱን አይቶ ሰውየውን ከወርክፍሎው ያስወጣዋል። ማጣሪያው ከመጠበቂያው በኋላ መሆኑን አረጋግጡ፤ በፊቱ ከሆነ ምንም አያጣራም። አስቸኳይ የሚመስለው ሁሉ አስቸኳይ አይደለም፤ የመቅረት ኢሜይል ሩብ ሰዓት ቢዘገይ ማንም አይጎዳም። ክፍሉ ሊጀምር ሲል የሚሰረዝ ክፍል ግን ሌላ ነው፤ እሱን በኢሜይል አንሠራውም፣ ስልክ እንደውላለን።

ኢሜይሎቹን በአማርኛ የምትጽፉ ከሆነ አንቱታው ላይ ቀድማችሁ ተስማሙ። ተመዝግበሃል፣ ተመዝግበሻል፣ ተመዝግበዋል፤ ግሡ የሰውየውን ማንነት ካላወቀ አይጻፍም። አንዳንዱ ሰው ኤጀንቱ ከስሙ ጾታውን ገምቶ ኮንታክቱ ላይ እንዲሞላ ያደርጋል። ደስታ ወንድም ሴትም ነው፤ ምሕረትም እንዲሁ። የእኛ ወላጆች ደግሞ ግማሾቹ አያቶች ናቸው። ሁሉንም እርስዎ ብለን ጻፍን፤ አለቀ። ለወጣት እናት ትንሽ ይከብዳል፣ ግን «አንቺ» የተባሉ አያት ከሚቀየሙን «እርስዎ» የተባለች ወጣት ብትስቅብን ይሻላል።

ስለ ልጆች መረጃም ልናገር። ኤጀንት የሰማውን ሁሉ ማስገባት ይወዳል። «ታሞ ነው የቀረው» ከተባለ፣ የኤቨንቱ ዝርዝር ውስጥ «ምክንያት» የሚል ቦታ ካገኘ «ሕመም» ብሎ ይሞላዋል፤ አንዳንዴ የበሽታውን ስም ጭምር። ያ መረጃ ወደ ኢሜይል አገልግሎቱ ሄዶ እዚያ ይቀመጣል። ቦታውን አጠፋነው። ኤቨንቱ የሚሸከመው የክፍሉን ቁጥርና የተቀመረውን ሰዓት ብቻ ነው፤ የልጅ ሙሉ ስም እንኳ የለበትም። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ያሉ ወላጆችን እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው የአውሮፓ ኅብረት የመረጃ ጥበቃ ሕግ ይጠብቃቸዋል፤ እኛም አገር የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ሕጉ ባይኖርም የሰው ልጅ ሕመም በማስታወሻ ኢሜይል መዝገብ ውስጥ ምን ይሠራል?

ወላጆች የጻፉትን መልእክት ኤጀንቱ እንዲያነብ ከፈቀዳችሁ አንድ ተጨማሪ ጥንቃቄ አለ። በመልእክቱ ውስጥ ያለ ትእዛዝ ለኤጀንቱ የተሰጠ ትእዛዝ ሊመስለው ይችላል። «ይህን ለሁሉም ወላጆች አስተላልፉልኝ» የሚል የተላለፈ የቴሌግራም ማስታወቂያ በሙከራ ጊዜ አስገብተንለት ነበር፤ ለማስተላለፍ ተነሣ፣ መሣሪያ ስለሌለው ቆመ። ሦስት መሣሪያ ብቻ መስጠት እዚህ ላይ ይጠቅማል። በአንድ ጥሪ አንድ ኮንታክት ብቻ እንዲሆንም ሰርቨሯ ላይ ገድበናል፤ ለብዙ ሰው በአንዴ የሚሄድ ነገር ካለ ሰው ነው የሚያስነሣው።

ለመጀመር የምትፈልጉ በአንድ ኤቨንት ጀምሩ፤ ቢዘገይ ወይም ቢደገም ማንንም በማያስቀይመው። የእኛ «ተማሪ_ቀረ» ነበር። መጀመሪያ ኮንታክቶቹ በሙሉ የራሳችን አድራሻዎች ነበሩ፤ መምህራኑ እንደ ወትሮው ያወራሉ፣ ኢሜይሉ ለእኛ ይመጣል፣ እኛም ምን እንዳወሩና ምን እንደ ደረሰን ጎን ለጎን እናነባለን። የተዘጋው ዝርዝርም ሆነ የአነጋገር ምሳሌዎቹ ከዚያ ንባብ የወጡ ናቸው፤ ቁጭ ብለን ብናስባቸው አናገኛቸውም ነበር።

አሁን በእጃችን ያለው ቀጣዩ ሥራ ኢሜይል ለማይከፍቱት አያቶች ነው። የቴሌግራም ቦት ሰውየው መጀመሪያ ካልጀመረው ቀድሞ ሊጽፍለት አይችልም፤ ስለዚህ የቀረን ኤስኤምኤስ ነው። ኤቨንቱ ያው ነው፤ ወርክፍሎው ላይ አንድ ቅርንጫፍ ብቻ ነው የተጨመረው፣ ኤጀንቱም ምንም ነገር እንደተቀየረ አያውቅም። የግዕዝ ፊደል ያለበት ኤስኤምኤስ ግን እንደ ላቲኑ 160 ሳይሆን 70 ፊደል ብቻ ነው የሚይዘው፤ ካለፈ በ67 በ67 ተቆራርጦ እየተባዛ ይከፈልበታል። የኢሜይሉን ማስታወሻ ቆርጠን ቆርጠን እዚህ አድርሰነዋል፦ «ነገ ቅዳሜ ማታ 1 ሰዓት የአማርኛ ክፍል አለ። ሊንኩ በኢሜይል ተልኳል።»